የነበሩበት ሰዎች ሲያዩት፦ ስለ ተዋጊ አብራሪዎች የተሠሩ ሁለት የቴሌቪዥን ድራማዎችና ተመልካቾቻቸው

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ስለ ሁለት የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች ነው፤ ይበልጡን ግን ስለ ተመልካቾቻቸው ነው። አንደኛው በአሜሪካ በ1976፣ ሁለተኛው በብሪታኒያ በ1988 የታዩ ሲሆኑ፣ ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። ሁለቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተዋጊ አይሮፕላን ስለ ተፋለሙ አብራሪዎች ይተርካሉ። ሁለቱም በታዩበት ዘመን፣ ታሪኩ የሚነገርላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ገና በሕይወት ስለ ነበሩ፣ ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው የራሳቸውን ወጣትነት በተዋናዮች ፊት ላይ አዩት። አይተውም ዝም አላሉም፤ አንዳንዶቹ ተቆጡ፣ አንዳንዶቹ አዘኑ፣ መጽሐፍ እስከ መጻፍ የደረሰም አለ።

ወደዚህ ጉዳይ ያመጡኝ አጎቴ ናቸው። አጎቴ በደብረ ዘይት የአየር ኃይል የሞተር ቴክኒሽያን ነበሩ፤ ሥራቸውንም የጀመሩት ፋየርፍላይ በሚባለው የእንግሊዝ አይሮፕላን ላይ ነው። ኢትዮጵያ ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሏን እንደ አዲስ ስታደራጅ፣ ከስዊድን ከመጡት ሳብ 17 ቦምብ ጣዮች በተጨማሪ ፋየርፍላይም ገዝታ ነበር። የፋየርፍላይ ሞተር ግሪፈን የተባለው የሮልስ ሮይስ ሥራ ሲሆን፣ ስፒትፋየርና ሀሪኬን የተባሉትን የብሪታኒያ ተዋጊ አይሮፕላኖች በሰማይ ላይ ያቆመው የመርሊን ሞተር ታናሽ ወንድም ማለት ነው። አጎቴ ያንን ድምፅ ወጣት ሳሉ በጆሯቸው ይዘው ቀርተዋል።

ከለንደን አንድ ዘመዳችን የብሪታኒያውን ድራማ በቪዲዮ ካሴት ቀድቶ ልኮልን አብረን ስናየው፣ የጀርመን ሜሰርሽሚት አይሮፕላኖች በማያ ገጹ ላይ ሲያልፉ አጎቴ ካሴቱን አቁም አሉኝ። «ልጄ፣ ይህ ጀርመን የሚበረው በእንግሊዝ ሞተር ነው» አሉ። እኔ አላመንኳቸውም ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሳነብ ግን ነገሩ እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት፤ ለቀረጻው የቀረቡት አይሮፕላኖች ከጦርነቱ በኋላ በስፔን የተሠሩ፣ ቡቾን የሚባሉ የሜሰርሽሚት ዝርያዎች ነበሩ፤ የተገጠመላቸውም የመርሊን ሞተር ነው። እኒሁ አጎቴ፣ አንዱ አብራሪ የራሱን ወገን አይሮፕላን የጠላት መስሎት ሲመታ ባዩ ጊዜ ግን ካሴቱን አቁም አላሉም። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ይህ ይሆናል። ሆኖም ያውቃል። የሚጽፈው ሰው ነው የሌለው» አሉ።

በዚያች ማታ ከአንድ ተመልካች አፍ ሁለት ዓይነት ፍርድ ሰማሁ፤ አንዱ ስለ ማሽኑ፣ ሌላው ስለ ሰው። ስለ ጦርነት አብራሪዎች በተሠራ ድራማ ላይ ተመልካቾች የሚያቀርቡት ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ይመደባል፤ ሁለቱም እኩል ክብር እንዲሰጣቸው እፈልጋለሁ፤ የሚመሳሰሉ ግን አይደሉም። ማሽኑ ትክክል ሆኖ ሰዎቹ የተዋሸባቸው ድራማ አለ፤ ማሽኑ ተሳስቶ ስለ ሰዎቹ እውነት የተናገረ ድራማም አለ። የያዝኳቸው ሁለት ምሳሌዎች እነዚህ ናቸው።

ከአሜሪካው እጀምራለሁ። «ባ ባ ብላክ ሺፕ» የተባለው ተከታታይ ድራማ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ከ1976 እስከ 1978 ለሁለት የሥርጭት ዘመናት ታየ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከቤተሰቡ የወጣውን፣ ስሙ የሚያሳፍረውን ልጅ ጥቁር በግ ይሉታል፤ የድራማው ስያሜም ከዚያ የመጣ ነው። ታሪኩ የተመሠረተው ማሪን ኮር በሚባለው የአሜሪካ ጦር ክፍል 214ኛ ተዋጊ ስኳድሮን፣ ማለትም የተዋጊ አብራሪዎች ቡድን፣ እና በአዛዡ በሻለቃ ግሬጎሪ ቦይንግተን ላይ ነው። ቦይንግተን የፈጠራ ሰው አይደለም። 28 የጠላት አይሮፕላኖችን እንደ ጣለ የተቆጠረለት፣ ጥር 3 ቀን 1944 በፓሲፊክ የጃፓን ጦር ሰፈር በነበረው በራባውል አካባቢ ተመትቶ ወደቀና በጃፓን ሰርጓጅ መርከብ የተያዘ፣ ሞቷል ተብሎ ሲታመን 20 ወር ያህል በምርኮ የቆየ፣ የአገሩን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ የተሸለመ ሰው ነው። በዚያው ቀን ከጎኑ ይበር የነበረው ጆርጅ አሽመን ተገደለ። ቦይንግተን መጠጥ እንዳሸነፈው በራሱ ብዕር አልሸሸገም፤ ድራማውም መነሻ ያደረገው በ1958 ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን ነው።

በማሽን በኩል ይህ ድራማ ብዙ የሚያስወቅሰው አልነበረም። በካሊፎርኒያ ሰማይ ላይ እውነተኛ ኮርሴር አይሮፕላኖች በረሩ፤ ክንፋቸው እንደ አሞራ ክንፍ ወደ ታች ሰበር ብሎ ወደ ላይ የሚቀናው እነዚያ ሰማያዊ አይሮፕላኖች ስኳድሮኑ በእርግጥ የተዋጋባቸው ናቸው። ዜሮ የሚባሉት የጃፓን ተዋጊ አይሮፕላኖች ግን የአሜሪካ ማሠልጠኛ አይሮፕላኖች መልካቸው ተለውጦ የቀረቡ ነበሩ፤ ይህን ግን ማንም በብርቱ አልተቃወመም። በዚያን ዘመን የነበሩ ልጆች ኮርሴርን በመልኩ ለይተው ያወቁት በዚህ ድራማ ነው፤ ይህንንም እንደ ትንሽ ነገር አልቆጥረውም።

ቅሬታው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በድራማው የስኳድሮኑ አብራሪዎች ማንም አዛዥ የማይፈልጋቸው፣ ወታደራዊ ፍርድ ቤት የሚጠብቃቸው፣ ሌሊቱን ሲጠጡና ሲደባደቡ አድረው ማለዳ የሚበሩ ጥፋተኞች ተደርገው ቀረቡ። እውነቱ ከዚህ የራቀ ነበር። ቦይንግተን በ1943 የበጋ ወራት ማብቂያ ላይ ያሰባሰባቸው ሰዎች በምትክነት ተራ ይጠባበቁ የነበሩ፣ ሥልጠናቸውን በሥርዓት የጨረሱ አብራሪዎች ናቸው፤ ቀድሞ በውጊያ የዋሉና የጠላት አይሮፕላን የጣሉም ነበሩባቸው። 84 የውጊያ ቀናት ውለው 97 የአየር ላይ ድል የተመዘገበላቸው በዲሲፕሊን ነው። ስያሜውን እንኳ የመረጡት በቀልድ ነበር፤ መጀመሪያ የፈለጉት ስም ለጋዜጣ የማይሆን ብልግና ስለ ነበረበት ጥቁር በግ የሚለውን ተኩበት። ከወላጅ ቡድን ያልመጡ፣ ከዚህም ከዚያም የተሰበሰቡ መሆናቸውን ለመግለጽ ነበር ያወጡት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቴሌቪዥኑ ቀልዱን እንደ ክስ መዝገብ አነበበው።

እስቲ በተመልካቹ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ሰውየው ከጦርነት ተመልሶ ትዳር ይዟል፤ ልጆች አሳድጓል፤ በአካባቢው የተከበረ ነው። ልጆቹ አባታቸው በየትኛው ስኳድሮን እንደ በረረ ያውቃሉ፤ ቁጥሩ 214 መሆኑንም ያውቃሉ። በሳምንቱ አንድ ምሽት ያ ቁጥርና ያ ስም በመላ አገሪቱ ማያ ገጾች ላይ ከስካርና ከወንጀል ጋር ተያይዞ ይወጣል። ልጁ በማግስቱ በትምህርት ቤት «አባትህ የታሰረው በምን ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ብሎ ይመልሳል? ይህን የመሰለ ቅሬታ ውዳሴ ፍለጋ ብለው የሚያቃልሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ በጣም እንደሚሳሳቱ አምናለሁ። እነዚያ ተመልካቾች የለመኑት ስማቸው እንዳይጠፋ ብቻ ነው፤ ስም ማጥፋት ደግሞ በሕያው ላይ ሲሆን ይከፋል፣ መመለስ በማይችለው ሙት ላይ ሲሆን ግን እጅግ ይከፋል።

የስኳድሮኑ የመረጃ መኮንን የነበረው ፍራንክ ዋልተን ይህን መቀበል ስላቃተው ከሞት የተረፉትን ባልደረቦቹን ካሉበት አፈላልጎ አነጋገረና በ1986 ስለ እውነተኞቹ ሰዎች መጽሐፍ አሳተመ። አንድ ተመልካች ለአንድ ድራማ ከሰጠው ምላሽ ሁሉ ከዚህ የበለጠ የተሟላ አላውቅም። ቦይንግተን ራሱ በዚህ ጉዳይ የነበረው ቦታ አስቸጋሪ ነው። የድራማው አማካሪ ነበር፤ በጥቂት ክፍሎችም እንደ ጄኔራል ሆኖ ታይቷል፤ በዚያው ልክ የሚታየው ነገር በአብዛኛው ፈጠራ መሆኑን በግልጽ ይናገር ነበር። ባልደረቦቹ ስለዚህ ነገር በእሱ ላይ የተሰማቸው ቅያሜ አይገርመኝም፤ የራሱን ስም አሳልፎ መስጠት መብቱ ነው፤ የሌሎቹን ግን ማን ሰጠው?

አሁን ወደ ብሪታኒያው እንሻገር። ድራማው «ፒስ ኦቭ ኬክ» ይባላል፤ አብራሪዎቹ እንደ ዋዛ የሚሠራ፣ ውሃ እንደ መጠጣት የቀለለ ነገር ለማለት የሚናገሩት ቃል ነው። ዴሬክ ሮቢንሰን በ1983 ካሳተመው ልብ ወለድ ተወስዶ በ1988 የመከር ወራት በስድስት ክፍሎች በአይቲቪ ቴሌቪዥን ቀረበ። ሆርኔት የሚባለው ስኳድሮን በደራሲው የተፈጠረ ነው። ታሪኩ ጦርነቱ ከታወጀበት ከመስከረም 1939 ይነሣል፤ ስኳድሮኑ በፈረንሳይ ምድር ውጊያ በሌለባቸው ወራት በምቾት ሲኖር፣ ከዚያም በግንቦት 1940 ጀርመኖች ሲዘምቱ ሲመታ፣ በመጨረሻም በዚያው ዓመት በብሪታኒያ ሰማይ ላይ በተደረገው ታላቅ ፍልሚያ ሲያልቅ ያሳያል። ሲያልቅ ያልኩት በጥሬ ትርጉሙ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የተዋወቅናቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ተመልካቹ የወደደው ሰው ያለ ምንም ስንብት በቅጽበት ይጠፋል።

የብሪታኒያ ተመልካቾች ቅሬታ ድርብ ነበር። የመጀመሪያው ስለ አይሮፕላኑ ነው። በልብ ወለዱ ሆርኔት ስኳድሮን የሚበረው በሀሪኬን ነው፤ ድራማው ሲቀረጽ ግን መብረር የሚችሉ ሀሪኬኖች በጣም ጥቂት ስለ ነበሩ በስፒትፋየር ተተካ። ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ይህ የአይሮፕላን ወዳጆች ጭቅጭቅ ይመስለዋል። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ታሪኩን እንመልከት። የተዋጊዎች ዕዝ አዛዥ የነበሩት ሂዩ ዳውዲንግ ስፒትፋየሮቻቸውን ለአገር መከላከያ ሲሉ አጥብቀው ያዙ፤ በፈረንሳይ ምድር አንድም የስፒትፋየር ተዋጊ ስኳድሮን አልሰፈረም። እዚያ የተዋጉት፣ በዚያ ግንቦት በመቶዎች ተቆጥረው የወደሙት ሀሪኬኖች ናቸው። በብሪታኒያው ፍልሚያም ቢሆን ከስፒትፋየር ይልቅ ብዙ የጠላት አይሮፕላን የጣለው ሀሪኬን ሆኖ ሳለ፣ ክብሩን የወሰደው መልከ መልካሙ ስፒትፋየር ነው። እንግዲህ በሀሪኬን ውስጥ ፊቱና እጁ ተቃጥሎ የተረፈ አብራሪ፣ ወይም በፈረንሳይ በሀሪኬን የሞተ ወንድም ያላት እህት፣ በዚያ ማያ ገጽ ላይ ስፒትፋየር ሲያዩ ያለቀሱት ስለ ክንፍ ቅርጽ አይደለም። ያንን መሥዋዕትነት ሌላ ሰው ሲወስደው አይተው ነው። ምክንያቱ የገንዘብና የአቅርቦት ችግር መሆኑን አውቃለሁ፤ አዘጋጆቹንም በዚህ አልኮንናቸውም። ቅሬታው ግን ተገቢ ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ ሰዎቹ ጠባይ ነው፤ በዚህ ላይ ከአንጋፋዎቹ ጋር ሙሉ በሙሉ ለመስማማት ይከብደኛል። በተለይ ሞጊ ካተርሞል የተባለው ገጸ ባሕርይ አስቆጣቸው። ካተርሞል ጨካኝ፣ ደካማውን የሚያጠቃ፣ ጓደኛውን እስከ ሞት ድረስ በድፍረት የሚያነሣሣ፣ ሆኖም በአየር ላይ ብቃት ያለው ተዋጊ ነው። እንደዚህ ያለ ሰው በእኛ ስኳድሮን አንድ ሳምንት አይቆይም ነበር ያሉ የቀድሞ አብራሪዎች ነበሩ። ዊንስተን ቸርችል ነሐሴ 20 ቀን 1940 በፓርላማ ጥቂቶቹ ብለው ካወደሷቸው ወዲህ እነዚያ ወጣቶች ለብሪታኒያ ሕዝብ እንደ ቅዱሳን ሥዕል ሆነው ኖረዋል፤ ከ3,000 ትንሽ ከሚያንሱት የበረራ አባላት መካከል ከ540 በላይ በዚያ ፍልሚያ ሞተዋል፤ ከተረፉትም 800 የሚጠጉት የጦርነቱን ፍጻሜ አላዩም። በእንደዚህ ያለ መቃብር ላይ ካተርሞልን ማቆም ድፍረት ነው፤ የተቆጡትን ሰዎች ቁጣ በልቤ ይዤ ነው የምናገረው።

ነገር ግን ድራማው ካሳያቸው አሳፋሪ ነገሮች ብዙዎቹ በእርግጥ የደረሱ ነበሩ። አጎቴን ዝም ያሰኛቸውን ትዕይንት ልመልስላችሁ። ጦርነቱ በታወጀ በሦስተኛው ቀን፣ መስከረም 6 ቀን 1939፣ የ74ኛው ስኳድሮን ስፒትፋየሮች ጠላት መስሏቸው የ56ኛውን ስኳድሮን ሁለት ሀሪኬኖች መትተው ጣሉ። በዚያ የሞተው ወጣት ሞንታግ ሀልተን ሃሮፕ በዚያ ጦርነት ከብሪታኒያ ተዋጊ አብራሪዎች የመጀመሪያው ሟች ነው፤ የገደለውም የወገን ጥይት ነው። የተከሰሱት አብራሪዎች በወታደራዊ ፍርድ ቤት ነጻ ወጡ፤ ነገሩም ለረጅም ዘመን በሕዝብ ዘንድ ሳይታወቅ ቆየ።

ሌላም አለ። በድራማው የስኳድሮኑ አዛዥ ሬክስ አብራሪዎቹን ሦስት ሦስት አድርጎ በቀስት ጫፍ ቅርጽ አጠጋግቶ ማብረር ይወዳል፤ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጋው አሜሪካዊ አብራሪ ይህ አሠላለፍ ያስገድለናል እያለ ይከራከረዋል። ይህ ክርክር የተፈጠረ አይደለም። የብሪታኒያ አየር ኃይል ወደ ጦርነቱ የገባው በእርግጥ በዚያ አሠላለፍ ነው፤ ከመሪው ግራና ቀኝ የሚበሩት ሁለቱ ከመሪው ክንፍ ጋር እንዳይጋጩ ዓይናቸውን በእሱ ላይ ተክለው ስለሚውሉ ሰማዩን የሚቃኝ ሰው አይኖርም። ጀርመኖች በቨርነር ሞልደርስና በጓደኞቹ አማካይነት በስፔን የተማሩት ግን ሁለት ሁለት ሆኖ፣ ራቅ ራቅ ብሎ፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ እየጠበቀ መብረርን ነው። ይህን ልዩነት ብሪታኒያ የተማረችው በወጣቶቿ ሕይወት ነው። አንድ ድራማ እሑድ ማታ ለሻይ በተቀመጠ ቤተሰብ ፊት ይህን በግልጽ ማሳየቱ፣ ለሞቱት የቀረበ ስድብ ሆኖ አይሰማኝም። እንዴት እንደ ሞቱ መናገር ለእነሱ መቆርቆር ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱን ድራማዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ትልቁ ልዩነት ከስም ላይ ይወድቃል። አሜሪካኖቹ እውነተኛ ቁጥር፣ እውነተኛ አዛዥ፣ እውነተኛ አይሮፕላን ወስደው በውስጡ ሐሰተኛ ሰዎችን አስቀመጡ፤ ስለዚህ ቅሬታው የሚያርፍበት ቤት ነበረው፤ ጎረቤት የሚያውቀው ቤት። እንግሊዛዊው ደራሲ ስኳድሮኑን ከራሱ ፈጥሮ፣ በውስጡ የደረሰውን ነገር ግን ከታሪክ ወሰደ፤ ካተርሞል የማንም አባት አይደለም። አንጋፋዎቹ ቅሬታቸውን ያቀረቡት በራሳቸው ስም ሳይሆን በሁሉም ስም ነበር፤ ሁሉም የሚባል ሰው ደግሞ ጥሩም መጥፎም፣ ደፋርም ፈሪም ይኖርበታል። የመጀመሪያውን ቅሬታ ያለ ማመንታት እቀበላለሁ። ሁለተኛውን አከብረዋለሁ፤ ድራማው ባይሠራ ይሻል ነበር ግን አልልም።

ከእነዚህ የተለየ ሦስተኛ ዓይነት ተመልካች አለ፤ እሱ የሚያነሣው ቅሬታ በማያ ገጹ ላይ ስላልታየው ነገር ነው። አንድ ስፒትፋየር ወይም ሀሪኬን ለመነሣት ሞተሩን የሚጠብቅ መካኒክ፣ የአይሮፕላኑን አካል የሚጠብቅ ሌላ መካኒክ፣ ስምንቱን መትረየሶች የሚያጎርስ የጦር መሣሪያ ባለሙያ ያስፈልገው ነበር። እነዚህ ሰዎች ሌሊት በብርድ ይሠራሉ፤ ማለዳ አብራሪውን ቀበቶውን ያስሩለታል፤ ከዚያም ቆመው ይጠብቃሉ። አይሮፕላኑ ካልተመለሰ ሜዳው ላይ የመጨረሻው ቋሚ የዚያ አይሮፕላን መካኒክ ነው። በሁለቱም ድራማዎች እነዚህ ሰዎች በአብራሪው ጀርባ ያልፋሉ፤ ታሪካቸው አይነገርም። አጎቴ ይህን ቅሬታ በቁጣ አላቀረቡትም፤ አንድ አይሮፕላን ተነሥቶ በሄደ ቁጥር ዓይናቸው ሜዳው ላይ ወደ ቀሩት ሰዎች ይሄድ ነበር እንጂ።

መጋቢት 17 ቀን 2025 ጆን ሄሚንግዌይ በደብሊን በ105 ዓመቱ አረፈ። በ85ኛው ስኳድሮን በሀሪኬን በፈረንሳይም በብሪታኒያም ሰማይ የተዋጋ፣ ከጥቂቶቹ በሕይወት የቀረ የመጨረሻው ሰው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚያ ፍልሚያ ድራማ ቢሠራ «እኔ ነበርኩ፤ እንደዚህ አልነበረም» የሚል ተመልካች አይኖርም። የሚቀሩት በ1976ና በ1988 የተቆጡት ሰዎች የጻፉትና የተናገሩት ነው፤ ስለዚህ ድራማዎቹን እንደምናስቀምጥ ሁሉ ያንን ቁጣም ከጎናቸው አስቀምጠን፣ ከተሳሳተበት ቦታ ጋር ጭምር፣ እንድናነብበው እለምናለሁ።

ያንን ካሴት ከአጎቴ ጋር የጨረስነው በሦስተኛው ምሽት ነው። የመጨረሻው ትዕይንት አልፎ የሠሩት ሰዎች ስም መውረድ ሲጀምር አጎቴ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ፤ መነጽራቸውንም አደረጉ። የተዋናዮቹን ስም እያለፉ «አይሮፕላኖቹን ያሰናዱት ሰዎች ስም ከታች ይኖራል» አሉኝ። የቀዳልን ዘመዳችን ግን ታሪኩ አለቀ ብሎ እዚያ ላይ አቁሞት ኖሮ፣ ጽሑፉ ከመካከሉ ተቆርጦ ማያ ገጹ ነጭ ሆነ። አጎቴ መነጽራቸውን ሳያወልቁ ጥቂት ቆሙና «መልሰው፤ ምናልባት አልፎኝ ይሆናል» አሉ።